የላንቴው ነጭ አውሮፕላን

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ዕዝራ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ወዳለችው ላንቴ ሲደርስ መጋዘኑ ገና ይጨስ ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ ተጨማዶ መሬት ወርዷል። ወደ መጋዘኑ ያጋደሉት የሙዝ ቅጠሎች ተጠብሰው ቡናማ ሆነዋል። ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ያሉት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጠል ተሸክመው ያብረቀርቃሉ።

ሳጅን ሳባ ደብተሯን ይዛ ጠበቀችው።

«እሳቱ የተነሣው ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው» አለችው። «ዘበኛው ጋሼ ሸዋንዳኝ ውስጥ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሎት ቤት ነው የሚያመሹት። ትናንት ግን ወባ ተነሥቶባቸው ከሙዝ ሳጥኖቹ ጀርባ ተኝተው ኖሯል። ግቢው በር ላይ የነበሩት ሙዝ ጫኞች ናቸው በሩን ሰብረው ያወጧቸው። ጀርባቸውና እጆቻቸው ተቃጥለዋል። ሆስፒታል ናቸው፤ እስካሁን አልነቁም።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

«አውሮፕላን።»

ዕዝራ ቀና ብሎ አያት።

«ሰው የማይሳፈርበት። ከመሬት ሆነው በሪሞት የሚያበሩት። ሦስት ልጆች ናቸው የሠሩት።»

«መጫወቻ ነዋ!»

«ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሜትር ተኩል ነው። ፈቃድም አለው። በመጪው ቅዳሜ ኤግዚቢሽን ላይ ሊያሳዩት ነበር። የሚበረው በባትሪ ነው፤ ያቃጠለውም ባትሪው ነው እያሉ ነው። ልጅቷ ራሷም እንደዚያ ነው የምትለው።»

ልጅቷ ከተገነደሰ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ቦንቱ ትባላለች። ከነቀምቴ መጥታ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምራ ከጨረሰች በኋላ ሥራ እየፈለገች እዚሁ የቀረች ናት። ዕዝራ አጠገቧ ሲደርስ ተነሥታ ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት፤ ካቴና እስኪያስገባላት የምትጠብቅ ይመስል።

«ባትሪዎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ጋሼ ሸዋንዳኝን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ።»

ዕዝራ በጋሞ አገር የካምባ አስተማሪ ልጅ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራው ሌባም ነፍሰ ገዳይም ይዟል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በገዛ እጁ የሚመጣ ሰው ሲገጥመው ግን ሁልጊዜ ልቡ አንድ ነገር ይለዋል።

«እጅሽን አውርጂ» አላት። «መጀመሪያ ንገሪኝ።»

ጣቢያ ሄደው ቃሏን ሰጠች። ባትሪዎቹ ስምንት ናቸው። አውሮፕላኑ አራቱን ይዞ ይበራል፤ አራቱ ተለዋጭ ናቸው። ግማሽ ኃይል ብቻ ይዘው አሸዋ በሞላ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ለመጨረሻ ጊዜ የነካቻቸው ሐሙስ ነው።

«ታዲያ እንዴት ተቃጠሉ?»

«አላውቅም። አንዱ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳላየው አልፌው ሊሆን ይችላል። የሊቲየም ባትሪ አንዴ ከተናደደ ማንም አይመልሰውም።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበርሽ?»

«ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ቤቴ። ተኝቼ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

ዕዝራ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለመሆኑ ይሄን የሚያህል አውሮፕላን በባትሪ ማብረር ለምን አስፈለገ? ቤንዚን አይሻልም?»

ሲያለቅስ ያደረው ፊቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ታየ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ትልቅ ሲሆን ባትሪ አይችለውም፣ ይከብዳል፣ ቶሎ ያልቃል ይላሉ። እኛም ሁለት ዓመት በቤንዚን አብርረነዋል። ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ ብሎን ያላላል፣ ክንፉን ይሰነጥቃል፣ ከላንቴ እስከ ከተማ ይሰማል። እኔ ቤንዚኑን አውጥቼ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባሁ፤ ቡጢ የሚያክሉ ናቸው። ይዩት።»

ስልኳን አወጣች። ዕዝራ በትንሿ መስታወት ውስጥ የሣር ሜዳ አየ፤ ከሜዳው ማዶ የአባያ ቀይ ውሃ። አንድ ረጅም ነጭ ነገር ሣሩ ላይ ተንሸራተተና መሬቱ ራሱ ወደ ላይ የሰጠው ይመስል ተነሣ። ድምፁ ተዘግቶ ይሆናል ብሎ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። የወፎች ጫጫታ ይሰማል፤ የሰው ሳቅም ይሰማል። ከአውሮፕላኑ ግን ከነፋስ ሽውታ በቀር ምንም የለም። ክንፉን አዘንብሎ ውሃው ላይ ሲዞር ፀሐይዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠችበት።

ሁለት ጊዜ ደግሞ አየው። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ሳባ በሩ ላይ ቆማ እንደምታየው ገባውና ስልኩን መለሰ። ቦንቱ ግን ምርመራው እስኪያልቅ ጣቢያው ታስራ ቀረች።

የቡድኑ መሪ ሰሊሆም ለኤግዚቢሽኑ ወረቀት ሊያስጨርስ አዲስ አበባ ሰንብቶ እሁድ ከሰዓት ተመለሰ። አውሮፕላኑን የቀረጸው እሱ ነው። አመዱን አይቶ ቁጭ አለ።

«ፎምና ስስ ጣውላ ነው። ምን ይተርፋል?» አለ።

ሦስተኛው ልጅ ተስፋጽዮን ነው፤ አብራሪያቸው። ዕዝራ ያገኘው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ከጋሼ ሸዋንዳኝ ክፍል ፊት ለፊት ነው። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ከዚያ አግዳሚ ወንበር እንዳልተነሣ ነርሷ ነገረችው።

«ቅዳሜ ላንቴ ነበርክ?»

«ነበርኩ። ዕቃዬን ልወስድ ገብቼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከዚያ በሞተር ሳይክል ወደ ተራራው፣ ኦቾሎ፣ ጸሎት ቤት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመዘምራን ልምምድ ነበረን። የእሳቱን ነገር የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው።»

«ጋሼ ሸዋንዳኝን አይተሃቸው ነበር?»

ተስፋጽዮን ወደ ክፍሉ በር ተመለከተ። «የሉም ብዬ ነው» አለ በቀስታ።

ሰኞ ዕለት ሳባ ከአንድ ገበሬ ቤት ወንፊት ተውሳ አመዱን መንፋት ጀመረች። ወደ ቀትር ግድም ዕዝራን ጠራችው። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል።

«ባትሪው ሲቃጠል ውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል አይጠፋም፤ ቦንቱን ጠይቄያት ነው። ይኸው መዳቡ፣ ቻርጀሩ የነበረበት ጠረጴዛ ሥር።» አራት ክምር አሳየችው። «አራት ብቻ። የአሸዋውን ሣጥን ከፈትኩት፤ ባዶ ነው።»

«አራቱስ?»

«የሉም። ሌላም አለ። ያ አሮጌው የቤንዚን ሞተር መደርደሪያው ላይ ነበር። ይኸው፤ ቀልጦ ቢጣመምም አለ። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ግን የሉም። ብረትና መዳብ አብሮ አይተንም፣ ኢንስፔክተር።»

ዕዝራ አመዱ መሀል ቆሞ ቀስ ብሎ ዙሪያውን አየ።

«አውሮፕላኑ አልተቃጠለም» አለ።

ለአዛዡ ስልክ ደወለ። አዛዡም «ይሄማ ለልጅቷ ባሰባት» አሉ። «ሰርቃ ሸሽጋ ነዋ ያቃጠለችው። ባትሪ ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል? ማስረጃ የላት፣ ያያት ሰው የላት። ነገ ለዐቃቤ ሕግ ላከው።»

«አንድ ቀን ይጨምሩልኝ።»

«አንድ ቀን።»

በተጨመረው ቀን መጀመሪያ የተጠየቀው አቡሽ ነው፤ የመጋዘኑ ባለቤት፣ የሙዝ ነጋዴ። ዓርብ ዕለት ከሰሊሆም ጋር በስልክ ሲጯጯህ ጫኞቹ ሰምተዋል። የጭነት መኪናው ሲፈተሽ ከወለሉ ላይ ነጭ የፎም ስባሪ ተገኘ። ሳባ ዓይኖቿ በሩ። አቡሽ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ውጡልኝ ብያቸዋለሁ፣ ቤቴን ለሙዝ ፈልጌው። ግን የራሴን ቤት አቃጥላለሁ? ያ ደግሞ የዓሣ ሣጥን ነው!»

ሰሊሆም ተጠርቶ ስባሪውን አየው፤ አሸተተውም። «ዓሣ ነው» አለ አፍንጫውን እያሻሸ። ግማሽ ቀን በከንቱ ሄደ።

ከአቡሽ ጫኞች ግን ቁም ነገር ተገኘ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዎች ሆነው የግቢው በር ላይ ሙዝ ሲጭኑ ውለዋል። ሌላ መውጫ የለም፤ ከጀርባ ያለው የሣር ሜዳ ብቻ ነው፣ ከሜዳው ወዲያ ረግረግና ሐይቅ፤ አዞ ስላለበት ማንም አይሄድበትም።

«ማን ወጣ?» ሲል ዕዝራ ጠየቀ።

«ተስፋጽዮን፣ በሞተር ሳይክል።»

«ምን ይዞ?»

«ቦርሳ። የጀርባ ቦርሳ ብቻ።»

አራት ሜትር ተኩል ክንፍ ያለው ነገር በአሥራ ሁለት ሰው ፊት በጀርባ ቦርሳ አይወጣም። ዕዝራ ማታውን ሁሉ ይህንን ሲያወጣና ሲያወርድ አመሸ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሳባ ጋር ኦቾሎ ወጡ። መኪናው ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ የአባያ ሐይቅ ከነደሴቶቹ እግራቸው ሥር ተዘረጋ፤ የላንቴ ሙዝ ከሩቅ እንደ ጎመን መደብ ይታያል። የተስፋጽዮን ቃል እውነት ነበር። ሃያ አንድ መዘምራን በአንድ አፍ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መካከላቸው እንደነበረ ተናገሩ። እሳቱ ሲነሣ እጁ ላይ ጊታር ነበር።

«ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም» አለች ሳባ ተስፋ እየቆረጠች።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ከገደሉ ጫፍ፣ ከቀርከሃ ዳስ ሥር የተቀመጠ ሸማኔ በጋሞኛ ጠራቸው። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ኦይታ የሚባል ቀጭን ሰው ነው።

«የመጣችሁት ስለ ወፉ ነው?» አለ።

ዕዝራ ቆመ። «የምን ወፍ?»

«ቅዳሜ የመጣው። ነጭ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አላየሁም። እኔ እዚህ ተቀምጬ ስንት ዓመት ንስር ከላይ አይቻለሁ፤ ጀርባውን ነው የማየው፣ ከእኔ በታች ነው የሚበረው። ይሄኛው ግን ከንስሮቹ ጋር አብሮ ዞረ፤ ንስሮቹ ልጆቹ ነበር የሚመስሉት። ክንፉን አንዴም አላርገበገበም። ድምፅ የለውም። ምንም! የመወርወሪያዬ ድምፅ ሲረብሸኝ ጊዜ እሱንም ተውኩት።»

ሳባ የምታውቀው ጋሞኛ ጥቂት ቢሆንም የሰውዬው እጅ አየር ላይ የሣለውን ክብ አየችና እስትንፋሷን ያዘች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለ ዕዝራ።

«እኔ ሰዓት የለኝም።»

«ለምን ያህል ጊዜ ዞረ?»

ኦይታ ድሩ ላይ የተጠቀለለውን ነጠላ ፈትቶ በጣቱ ለካ። «ሲመጣ እዚህ ነበርኩ። መሀል ላይ ትቼው ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ ይሄን ይሄን ስሸምን ግን አልሄደም። አንድ ክንድ። ከዚያ ወደ ጸሎት ቤቱ ሜዳ ዝቅ ዝቅ አለና ከዛፎቹ ጀርባ ተሰወረብኝ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለሚስቴ። አልጋህ ውስጥ ግባ አለችኝ።»

ዕዝራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ ኦይታ፣ ካላስቸገርኩዎት አንድ ክንድ ይሸምኑልኝ።»

ሸማኔው ግራ ቢገባውም እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ጀመረ። ሳባ ሰዓቷን ያዘች። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ሲል ዕዝራ ዓይኑን ከሐይቁ ላይ አላነሣም። ክንዱ ሲሞላ ሳባ «ሠላሳ ስምንት ደቂቃ» አለች።

«ከላንቴ እስከዚህ በሞተር ሳይክል?»

«ሠላሳ አምስት። ዳገቱ ከከበደ አርባ።»

ሁለቱ ተያዩ። አሥራ ሁለቱ ጫኞች በሩ ላይ ላብ በላብ ሆነው ሳለ ከጀርባቸው፣ ከሣር ሜዳው፣ አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ አልፏቸዋል። ማንም ዞር አላለም፤ የሚሰማ ነገር አልነበረማ። ጌታው በበሩ በቦርሳ ሲወጣ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ይጠብቀው ነበር።

ዕዝራ ለሰሊሆም ደወለ። «አውሮፕላኑ ሰው ሳይነካው ብቻውን መዞር ይችላል?»

«ይችላል» አለ ሰሊሆም። «ቦታ ከሰጠኸው ክብ ሠርቶ ይጠብቅሃል። ኦቾሎ ገደል ላይማ ነፋሱ ራሱ ይሸከመዋል፤ ሞተሩን አጥፍቶም ይንሳፈፋል። ከዚያ ስትደርስ በሪሞቱ ተቀብለህ ታሳርፈዋለህ። ለምን ጠየቁኝ?»

«ማሳረፉን ማን ይችላል?»

«እኔ አልደፍርም። ቦንቱና ተስፋጽዮን ብቻ።»

የጸሎት ቤቱ ሜዳ ዳር ያላለቀ አዲስ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው ተመቷል፣ መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተዘግተዋል። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«መዘምራኑ ዕቃ ያስቀምጡበታል። ቁልፉ ተስፋጽዮን ጋ ነው።»

ሳባ የመበርበሪያ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት አምጥታ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ባሉበት ጓጉንቸሩ ተሰበረ።

ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የታየው የክንፉ ጫፍ ነው። ሳባ የመስኮቱን ቆርቆሮ ገፋ ስታደርገው ብርሃኑ በሙሉ ርዝመቱ ላይ ፈሰሰ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የደረሰ መሰለ። አቧራ እንዳይነካው የመዘምራኑ ነጭ ልብስ በጥንቃቄ ተደርቦበታል። ዕዝራ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ የት እንዳለ ትዝ አለውና ቀና አለ። መዳፉን ክንፉ ላይ አሳረፈ። እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስላሳ ነው፤ በአንድ እጁ ጫፉን ቢያነሣው መላው አውሮፕላን አብሮ ተነሣ፣ ያን ያህል ቀላል ነው። ይህንን ነገር የሠሩት ሥራ አጥተው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውሉ ልጆች መሆናቸውን አሰበ።

አራቱ ባትሪዎች ጥግ ላይ፣ አሸዋ በሞላ እንስራ ውስጥ ነበሩ።

«ማቃጠል ነበረበት» አለች ሳባ። «ማስረጃውን ሁሉ እዚያው ማጥፋት ይችል ነበር። ለምን አወጣው?»

«አንቺ ብትሆኚ ታቃጥዪው ነበር?»

ሳባ ከክንፉ ጫፍ የተንሸራተተውን ነጭ ልብስ መልሳ አለበሰችው።

ተስፋጽዮንን ያገኙት እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ዕዝራ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አግኝተነዋል» አለው። «ደኅና ነው።»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«የቤንዚን ሞተሩን ሁለት ዓመት በእጄ ነው ያኖርኩት» አለ በመጨረሻ። «ስፈታው፣ ስገጥመው፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሞተር ሳይክል ዕቃ እያስቀረጽኩ። ቦንቱ መጣችና በአንድ ወር አውጥታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ጥሩ፣ ቻልኩት። ከዚያ ሰሊሆም ኤግዚቢሽኑ ላይ እሷ ታብርረው አለ። እኔን ሳይሆን! ባትሪው አንዴ ቢያቃጥል ማንም ዳግመኛ ኤሌክትሪክ አይልም፣ ወደ እኔ ሞተር ይመለሳሉ ብዬ ነው። ለቻርጀሩ የተሳሳተ ልክ ሰጠሁት። ከመጠን በላይ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ይወስዳል።»

«አንተም በዚያ ሰዓት ኦቾሎ።»

«አዎ።»

«አውሮፕላኑንስ?»

«እዚያው ልተወው ነበር፣ ምያለሁ። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። አልቻልኩም። ልሰናበተው አንዴ ላብርረው አልኩ… ሲነሣ ግን፣ ኢንስፔክተር፣ በሞተር ሳይክል ዳገቱን ስወጣ ቀና ባልኩ ቁጥር እላዬ ላይ ነበር። ለካ እሷ ልክ ነበረች። ያንን እያየሁ ነው የሄድኩት፤ ቻርጀሩን ተመልሼ መንቀል እችል ነበር። ጊዜ ነበረኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «አልተመለስኩም። ጋሼ ሸዋንዳኝ ጸሎት ናቸው ብዬ ነበር።»

«ቦንቱ ሦስት ቀን ታስራለች። አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ።»

«እዚህ ተቀምጠህ።»

ልጁ ራሱ ተነሥቶ ቆመ።

ጋሼ ሸዋንዳኝ ረቡዕ ነቁ። መጀመሪያ የጠየቁት ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ልጆቹ አንዳቸውም ተቃጥለው እንደሆነ ነው። እጆቻቸው እንደ ድሮው እንደማይሆኑ ሐኪሙ ለዕዝራ ለብቻው ነግሮታል። እውነቱን የነገራቸው ዕዝራ ነው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ሻይ እያፈላሁለት ነው ያደገው እኮ» አሉ።

ዐቃቤ ሕጉ አላመነም። በአራት ባትሪ ይሄ ሁሉ ጊዜ መዞሩ ይረጋገጥ፣ ተጠርጣሪውም መርቶ ያሳይ አለ። ስለዚህ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ላንቴ ተሰበሰቡ፤ አሥራ ሁለቱ ጫኞች፣ አቡሽ፣ ሰሊሆም፣ የሙዝ ገበሬዎች፣ ከኦቾሎ በመኪና የመጣው ኦይታ። ተስፋጽዮን እጆቹ በካቴና ተይዘው አውሮፕላኑን የት አቁሞ እንዳስነሣው በአገጩ አሳየ።

ቦንቱ ሪሞቱን ይዛ ከእሱ አሥር እርምጃ ርቃ ቆመች። ከተፈታች ጀምሮ አላየችውም ነበር። ፊቷ ገርጥቷል።

«የነፋሱ አቅጣጫ ተቀይሯል» አላት ተስፋጽዮን በዝቅታ። «ከሐይቁ ነው።»

«አይቻለሁ» አለች፤ ዞርም አላለችም።

አውራ ጣቷን ገፋች። ፕሮፔለሮቹ ሁለት የብርሃን ክብ ሆኑ። ነጩ አውሮፕላን ሣሩ ላይ ተንሸራቶ፣ ጅራቱን አንሥቶ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ሲጠብቅ ያለ አንዳች ድምፅ አፈሩን ለቀቀ። ከጫኞቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። አንዲት አሮጊት «ጌታ ሆይ» አሉ። አውሮፕላኑ ሙዙን አልፎ፣ ረግረጉን አልፎ፣ ቀዩ ውሃ ላይ አጋደለና ከንስሮቹ በላይ ወጣ። ከዚያ ሞተሩ ቆመ። አልወደቀም። እዚያው ሰማይ ላይ ሰፊ ክብ እየሠራ ቀረ። ሸማኔው ኦይታ የጎረቤቱን እጅ ይዞ «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይላል፤ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ተስፋጽዮን ካቴናውን ረስቶ ሁለት እጁን ለመዘርጋት ሞከረ፣ ብረቱ ያዘው፣ አንገቱን ግን ወደ ላይ እንዳቀና ቀረ።

ዕዝራ አንድ ጊዜ ብቻ ቦንቱን አየ። ጣቶቿ እንደ ድንጋይ የረጉ ናቸው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አውሮፕላኑ ወርዶ ሣሩን ነካ፤ እግሯ ሥር መጥቶ ቆመ። ከዚያ ሜዳው በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ሳባ ደብተሯን ከፍታ መጣች። «ስንት ደቂቃ ሆነ፣ ኢንስፔክተር? ለዐቃቤ ሕጉ ልጻፈው።»

«ሰዓቱን አንቺ አልያዝሽም?»

«እርስዎ እይዛለሁ ብለውኝ!»

ዕዝራ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሲነሣ መጫን የነበረበትን ቁልፍ አልተጫነውም። ፊቱ ሲቀላ ተሰማው። ሳቁንም መያዝ አልቻለም።

«ቦንቱ» ብሎ ተጣራ፤ «ባትሪውን ሙዪለት። እንደገና ይነሣ።»